«በቀኝ ሎብ ኤስኦኤል አለ» ለሚሉ ጀማሪ ሐኪሞች፦ የጉበት ሊዥንን (ያልተለመደ ሥፍራን) ቦታና መልክ ማስተማር

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ኢንተርኖችና የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንቶች አልትራሳውንድ ይሠራሉ፣ ሲቲም ያያሉ። ጉበት ላይ የሆነ ነገር ሲያገኙ ግን «በቀኝ ሎብ ኤስኦኤል (ቦታ የያዘ ነገር) አለ» ብለው ያቆማሉ። ቦታውን በሴግመንት (ጉበት በሚከፈልባቸው ስምንት ክፍሎች) እንዲናገሩ፣ መልኩንም በሥርዓት እንዲገልጹ ከምን ጀምሬ ላስተምራቸው? ያለን አንድ የአልትራሳውንድ ማሽን ነው፤ ሲቲው ውጭ ተሠርቶ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ዶክተር፣ ከሴግመንት ቁጥር አይጀምሩ። ከ1 እስከ 8 የተጻፈበትን ባለቀለም ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ «አጥኑ» ማለት ቀላል ነው፤ ልጆቹም በአንድ ማታ ይሸመድዱታል። በማግስቱ ፕሮብ (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) ሲይዙ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥር የለም። የሚታያቸው ግራጫ ሥጋና በውስጡ የሚያልፉ ጥቁር ቱቦዎች ናቸው። ቁጥሩ የሚወጣው ከቱቦዎቹ ስለሆነ ትምህርቱም ከእነሱ ይነሣ።

የትምህርቱን ግብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። ምስሉን ያላየ ሰው የተማሪውን ገለጻ ሰምቶ ሊዥኑን ወረቀት ላይ በቦታው መሣል ከቻለ ተማሪው ገልጿል። ካልቻለ፣ የበሽታውን ስም በትክክል ቢጠራም አልገለጸም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም በሽታ አያሳዩአቸው። እርስ በርሳቸው ይሥሩ፤ ቁርስ ያልበላው ይተኛ፣ የሐሞት ከረጢቱ ሞልቶ የሚታየው ያኔ ነውና። መጀመሪያ የሚለዩት ሁለቱን የደም ሥር ዓይነቶች ይሁን። ፖርታል ቬይን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚያስገባው) ከአርተሪና ከሐሞት ቱቦ ጋር በአንድ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚጓዝ ግድግዳው ደማቅ ነው፤ ከጉበቱ በር ተነሥቶ ወደ ዳር ይበታተናል። ሄፓቲክ ቬይን (ከጉበት ደም የሚያስወጣው) ብቻውን ስለሚሄድ ግድግዳ የሌለው ይመስላል፤ ወደ ላይ እየወፈረ ሄዶ አይቪሲ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቅ ቬይን) ውስጥ ይገባል። በግድግዳው ድምቀት ብቻ እንዳይተማመኑ ያስጠንቅቋቸው፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ሲመታው ሄፓቲክ ቬይንም ግድግዳው ይደምቃል። የሚያዋጣው ቱቦው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ነው።

ቀጥሎ ፕሮቡን ከጎድን አጥንት በታች በአግድም አስቀምጠው፣ ጓደኛቸውን «አየር ሳብና ያዝ» ብለው፣ ወደ ላይ ወደ ድያፍራም ያዘንብሉት። ሦስቱ ሄፓቲክ ቬይኖች ተሰብስበው አይቪሲ ሲገቡ ይታያሉ። ይህን ምስል ሳይቸገሩ ማግኘት እስኪችሉ ድረስ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

አሁን ወሰኖቹን አንድ በአንድ ይስጧቸው። መካከለኛው ሄፓቲክ ቬይን ከሐሞት ከረጢቱ ጉድጓድ ጋር ሲያያዝ ጉበትን ቀኝና ግራ የሚከፍለውን መስመር ይሰጣል። ይህን መስመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያመለከተው ጄምስ ካንትሊ ስለነበረ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አናቶሚ ክፍል ውስጥ ከውጭ ያየውን ፋልሲፎርም ሊጋመንት (ጉበትን ከሆድ ግድግዳ የሚያያይዘውን ጅማት) የቀኝና የግራ ድንበር አድርጎ ይዞታል። በዚያ ሒሳብ ሴግመንት 4 ቀኝ ይሆንበታል፤ በደም አቅርቦቱ ግን ግራ ነው። የቀኙ ሄፓቲክ ቬይን ቀኙን ጉበት ፊትና ኋላ አድርጎ ይከፍለዋል፤ ከፊት 5 እና 8፣ ከኋላ 6 እና 7። በግራ በኩል የፋልሲፎርሙና የሊጋመንተም ቴሬስ (በፋልሲፎርሙ ጠርዝ ያለው ገመድ መሰል ጅማት) መስመር 4ን ከ2 እና ከ3 ይለያል። የመጨረሻው ወሰን አግድም ነው፤ ፖርታል ቬይን ከሚከፈልበት በላይ 2፣ 4ኤ፣ 8 እና 7፤ ከበታቹ 3፣ 4ቢ፣ 5 እና 6። ሴግመንት 1፣ ማለትም ኮዴት፣ በአይቪሲና በሊጋመንተም ቬኖሰም መካከል ለብቻው ተቀምጧል፤ ደሙንም በአጫጭር ቬይኖች ቀጥታ ወደ አይቪሲ ያፈሳል።

ቁጥሩ የሚገባው አሁን ነው። ክፍፍሉን በ1950ዎቹ ያወጣው ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ክሎድ ኩይኖ ሲሆን፣ ከፊት ለፊት ላየው ሰው ቁጥሮቹ እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራሉ። የቀዶ ሐኪሞቹ ደግሞ «ሴክሽን» የሚለውን (እንደ 5 እና 8 ያሉ ጥንዶችን የሚያጠቃልል) አጠራር የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪዝበን በተስማሙበት መሠረት ስለሆነ፣ ከእነሱ ጋር የሚሠራ ሬዚደንት ይህንንም ይወቅ።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚያምታታ ልቆይበት። የግራው ፖርታል ቬይን ከቀኙ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ የሲቲ ስላይስ ላይ የግራውን ፖርታል ያየ ተማሪ «ወሰኑ ላይ ነኝ» ብሎ በቀኝ በኩል ያለውን ሊዥን 5 ወይም 6 ሊለው ይችላል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ቀኙ ገና 8 እና 7 ነው። ቀኝን በቀኙ ፖርታል፣ ግራን በግራው እንዲለኩ ያድርጉ። ወሰኖቹ በሕያው ሰው ውስጥ እንደ መጽሐፉ ሥዕል የተስተካከሉ ሜዳዎች እንዳልሆኑም ይንገሯቸው። የፖርታሉ አከፋፈል ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰው ሴግመንት 6ን የሚያፈስ ተጨማሪ ቬይን ከታች አለው። ድንበር ላይ የተቀመጠን ሊዥን «5/8 ወሰን ላይ» ብሎ መጻፍ እውነተኛ መልስ ነው። አስገድደው አንድ ቁጥር አያስመርጧቸው።

«ቁጥሩ ምን ያደርጋል? ለቀዶ ሐኪሙ አይደለም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለእሱ የአሜባ መግልን ይጥቀሱለት። በግራ ሎብ በተለይ ሴግመንት 2 አናት ላይ የተቀመጠ መግል ጎረቤቱ ልብ ነው፤ ቢፈነዳ ወደ ፔሪካርዲየም (የልብ ሽፋን) ሊገባ ይችላል። ሴግመንት 7 ወይም 8 ላይ ያለው ወደ ሳንባ ሽፋን ይሄዳል። «በጉበት መግል አለ» የሚለው ሪፖርት ይህን ልዩነት ይሰውራል፤ ተረኛው ሐኪም ሌሊት የሚጠብቀውን አደጋ ሳያውቅ ያድራል። ሌላው ምክንያት ክትትል ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም፣ ምናልባት በሌላ ሆስፒታል፣ ያንኑ ሊዥን ፈልጎ አግኝቶ አደገ ወይስ አነሰ ብሎ መመለስ አለበት።

ወደ ሁለተኛው ሳምንት ሲገቡ አንድ ልምምድ ብቻ ይያዙ፤ ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህን አይተዉ። አንዱ ስክሪኑ ፊት ይቀመጥ፤ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ባዶ የጉበት ንድፍና እርሳስ ይያዝ። ተናጋሪው የበሽታ ስም መጥራት አይፈቀድለትም። ሠዓሊው የሰማውን ብቻ ይሣል። ሲጨርሱ ሥዕሉና ምስሉ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የት ላይ እንደተለያዩ ራሳቸው ያዩታል፤ እርስዎ ብዙ መናገር አያስፈልግዎትም። ሪፖርቱ ኋላ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይህን ልምምድ ግን በአማርኛ ወይም በአካባቢያቸው ቋንቋ ያሠሯቸው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ከሌላ ሪፖርት ያነሡት ሐረግ ይቀድማቸዋል፤ «ሄትሮጂነስ ማስ» ይሉና ምን እንዳዩ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ።

ገለጻው በምን ይጀምር? እኔ ከሊዥኑ ሳይሆን ከዙሪያው ጉበት አስጀምራለሁ። ጉበቱ የሰባ ነው? ጠርዙ ጎርበጥባጣ ነው? ስፕሊን አድጓል? ፖርታል ቬይኑ ክፍት ነው? ሆድ ውስጥ ውኃ አለ? ተመሳሳይ የ2 ሴንቲ ሜትር እባጭ በጤነኛ ጉበትና በሲሮቲክ (በጠባሳ በደነደነ) ጉበት ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሄፓታይተስ ቢ በሚበዛበት አገራችን ይህን ጥያቄ ዘሎ ወደ እባጩ መሮጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ ቁጥር ይመጣል፤ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱን ይቁጠሩ አልልም፤ በየሎቡ ትልቁን መርጠው ይለኩ፣ የቀሩትን ሥርጭት ይናገሩ። መጠን በሦስት አቅጣጫ ይለካ። «ትልቅ»ና «ትንሽ» የሚሉትን ቃላት ይከልክሏቸው። የተለካበት ምስል ይቀመጥ፤ በሲቲ ከሆነ የስላይሱ ቁጥር ይጻፍ። ቀጥሎ ቅርጽና ጠርዝ።

አልትራሳውንድ ላይ ጥቁረትና ድምቀት ሁልጊዜ ከአጠገቡ ካለው ጉበት አንጻር ነው የሚነገረው። ይህን የረሳ ተማሪ በሰባ ጉበት ይያዛል። ሄማንጂዮማ (ከደም ሥሮች የተሠራ፣ ካንሰር ያልሆነ እባጭ) በተለመደው ጉበት ላይ ደማቅ፣ ጠርዙ የተለየ ሆኖ ይታያል፤ ጉበቱ ራሱ በስብ ሲደምቅ ግን ያው ሄማንጂዮማ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል። ሊዥኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጀርባው ነው። ከሊዥኑ ኋላ ድምቀት አለ ወይስ ጥላ የሚለውም አይዘለል። ድምቀት ብዙ ጊዜ ፈሳሽን ይጠቁማል፤ ሆኖም ፈሳሹ ውኃ ይሁን መግል አይነግርም። የአሜባ መግል ውስጡ ደቃቅ ኤኮዎች (የድምፅ ነጸብራቆች) እያሉት ከኋላው ይደምቃል፤ ጌኑ (የምስሉን ድምቀት የሚያስተካክለው) ከፍ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ንጹሕ ሲስት የሞላበት ይመስላል። ስለዚህ «ውስጡ ኤኮ አለው» ከማለታቸው በፊት ጌኑን ዝቅ አድርገው ይዩ።

ሊዥን የሚመስሉ ጤነኛ ነገሮችን በዚሁ ሳምንት ያሳዩአቸው። በሰባ ጉበት ውስጥ ከሐሞት ከረጢቱ አጠገብ ወይም ሴግመንት 4 ውስጥ በጉበቱ በር ፊት ስብ ያልደረሰበት ጥቁር ሥፍራ ይቀራል፤ በፋልሲፎርሙ ዳር ደግሞ በተቃራኒው የስብ ክምር ይታያል። መለያቸው የደም ሥሮች ሳይገፉ፣ ሳይጣመሙ በመሐላቸው ማለፋቸው ነው። ሊጋመንተም ቴሬስ በአግድም ሲቆረጥ ደማቅ ክብ እባጭ መስሎ ስንቱን አስደንግጧል። ፕሮቡን 90 ዲግሪ ማዞር ይበቃዋል፤ ክቡ ወደ መስመር ይለወጣል። ማንኛውንም ሊዥን በሁለት አቅጣጫ ሳያዩ «አለ» እንዳይሉ ይህ ጥሩ ምክንያት ነው።

የማይታዩ ማዕዘኖችንም ይወቋቸው፦ ከድያፍራሙ ሥር ያለው የ7 እና የ8 አናት፣ የሴግመንት 2 ጫፍ፣ ኮዴቱ፣ ከቆዳው በጣም የቀረበው የጉበት ገጽ። ሕመምተኛውን በግራ ጎኑ ማስተኛትና በጎድን አጥንቶቹ መሐል ማየት ብዙውን ይፈታል። ያልታየውን «አልታየም» ብሎ መጻፍ የገለጻው አካል ነው።

በአገራችን ገለጻ ትክክል መሆኑ ሕክምናን በቀጥታ የሚወስነው ሃይዳቲድ ሲስት (ከውሻ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ የፈሳሽ ከረጢት) ላይ ነው። ከብትና ውሻ አብረው በሚኖሩባቸው አርብቶ አደር አካባቢዎች፣ ለምሳሌ ደቡብ ኦሞና ቦረና፣ በሽታው የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ያወጣው ምደባ ሙሉ በሙሉ የቆመው በአልትራሳውንድ መልክ ላይ ስለሆነ ለማስተማሪያ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ደረጃዎቹ በበሽታው የእንግሊዝኛ ምህጻር «ሲኢ» ይጠራሉ። ሲኢ1 ባለ ሁለት መስመር ግድግዳ ያለው ነጠላ ፈሳሽ ነው። ሲኢ2 ውስጡ በልጅ ሲስቶች ተሞልቶ እንደ ማር እንጀራ ይከፋፈላል። ሲኢ3ኤ የውስጡ ሽፋን ተላቅቆ ፈሳሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ የሚታይበት ነው፤ ሲኢ3ቢ ጠጣር ክፍል ውስጥ የልጅ ሲስቶች የቀሩበት። ሲኢ4 ፈሳሹ አልቆ የተጠቀለለ ነገር ይመስላል፤ ሲኢ5 ግድግዳው በካልሲየም ደንድኗል።

ተማሪው «ሲስት አለ» ብሎ ቢያቆም ሐኪሙ ምን ያድርግ? ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ሲኢ1 እና ሲኢ3ኤ በአልቤንዳዞል ብቻ ሊታከሙ ይችላሉ። ከዚያ ሲበልጡ፣ ከሐሞት ቱቦ ጋር ግንኙነት ከሌላቸው፣ በአልቤንዳዞል ሽፋን በመርፌ መቅዳት፣ መድኃኒት መጨመርና መልሶ መቅዳት ይቻላል። ሲኢ2 እና ሲኢ3ቢ ለዚህ መርፌ አይመቹም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳሉ። ችግር ያላመጡ ሲኢ4 እና ሲኢ5 ደግሞ በክትትል ይተዋሉ። ከሁሉ የሚከፋው ሃይዳቲዱን «መግል» ብሎ መጻፍ ነው። ያንን ያነበበ ሰው ያለ ዝግጅት መርፌ ይሰድዳል፤ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ) ሊያስነሣ፣ በሽታውንም ሊዘራው ይችላል።

አንድ የማስተማሪያ ናሙና እነሆ። ተማሪው የጻፈው «በቀኝ ሎብ 6 ሴ.ሜ. ሲስቲክ ማስ፣ ሃይዳቲድ ወይም መግል» ይላል እንበል። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ነው፦ «የጉበቱ መጠንና ኤኮ የተለመደ፣ ጠርዙ ለስላሳ። ሴግመንት 7 ውስጥ ከካፕሱሉ ሥር፣ ከቀኝ ሄፓቲክ ቬይን በስተኋላ፣ 6.2 በ5.8 በ5.5 ሴ.ሜ. የሆነ ነጠላ ክብ ሲስት፤ ጠርዙ የተለየ፣ ግድግዳው ባለ ሁለት መስመር። ውስጡ ጥቁር ፈሳሽ፣ ሕመምተኛው ሲገለበጥ የሚነቃነቁ ደቃቅ ደማቅ ነጥቦች ያሉት። ክፍልፋይ፣ የልጅ ሲስት፣ ካልሲየም የለም። ከኋላው ድምቀት አለ፤ በዶፕለር ውስጡ ፍሰት የለም። የሐሞት ቱቦዎች አልሰፉም። ፖርታል ቬይን ክፍት፤ በሆድና በቀኝ ሳንባ ሽፋን ፈሳሽ የለም። መልኩ ከሃይዳቲድ ሲኢ1 ጋር ይስማማል።» ስሙ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሲመጣም ከላይ ያለው ተሸክሞታል። የተሳሳተ ስም ቢጻፍ እንኳ አንባቢው ከገለጻው ተነሥቶ ማረም ይችላል።

ውጭ ተሠርቶ ስለሚመጣው ሲቲ፦ ፊልሙ ላይ ተደርድረው የሚመጡት ጥቃቅን ምስሎች ሴግመንት ለማስተማር አይሆኑም፤ ደም ሥርን ወደ ላይና ወደ ታች መከተል አይቻልባቸውም። ሕመምተኞች ሲዲውን እንዲያመጡ ያድርጉ፤ በማንኛውም ኮምፒዩተር የሚከፍት ነፃ የዳይኮም (የሕክምና ምስል ማሳያ) ፕሮግራም አይጠፋም። ተማሪው ሊዥኑን ከማየቱ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ የትኛው ፌዝ ነው?»፣ ማለትም ኮንትራስት (ማድመቂያው መድኃኒት) ከተሰጠ በኋላ ምስሉ መቼ ተነሣ፣ የሚል ይሁን። አኦርታው ፏ ብሎ፣ ስፕሊኑ ዥንጉርጉር ሆኖ፣ ሄፓቲክ ቬይኖቹ ገና ካልሞሉ አርተሪያል ነው። ሄፓቲክ ቬይኖቹ ከሞሉ ፖርታል ፌዝ ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ኮንትራስት ወሰደ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው፦ መቼ ወሰደ፣ ከየት ጀምሮ፣ መቼ ለቀቀ? ሄማንጂዮማ ከዳር በተቆራረጡ ጉብታዎች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ መሐል ይሞላል። ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ (ከጉበቱ የሚነሣ ካንሰር) በአርተሪያል ደምቆ በኋለኞቹ ፌዞች ከጉበቱ ይልቅ ይጠቁራል። ሜታስታሲስ (ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር) ብዙ ጊዜ ዳሩን እንደ ቀለበት ያደምቃል።

የመጣው አንድ ፌዝ ብቻ ከሆነ፣ እንደሚታየው ብዙ ጊዜ ነው፣ ተማሪው ያንን ይጻፍና ምን እንደጎደለ ይናገር። ላይ-ራድስ የሚባለውን፣ የጉበት ካንሰር ጥርጣሬን በቁጥር የሚገልጸውን ምደባ የሰሙ ሬዚደንቶች ደግሞ በየጉበቱ ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። እሱ የተሠራው ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው፣ ወይም የጉበት ካንሰር ላለባቸውና ለነበረባቸው አዋቂዎች ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ቁጥሩ ሐሰተኛ እርግጠኝነት ይሰጣል።

ውጤቱን የሚያዩበት መንገድም ያብጁ። ሬዚደንቱ የገለጸው ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ከገባ አብሮ ይግባ፤ ሴግመንት 6 ያለው 5 ሆኖ ቢገኝ ከመቶ ንግግር ይበልጣል። በወሩ መጨረሻ ለሚሰጡት ፈተና 10 ምስሎች ካዘጋጁ 3ቱን ጤነኛ ያድርጓቸው፤ አንዱም ሊጋመንተም ቴሬስ ይሁን። ሁልጊዜ ሊዥን ያለበትን ብቻ ያየ ተማሪ የሌለውንም መፍጠር ይጀምራል።